ለጉም ቀን የሚሆን ጂፒኤስ

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ለመስክ ትምህርት የሚሆን የእጅ ጂፒኤስ አመራረጥ» የሚል ነው። ርዕሱ ደረቅ ነው የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይነበባል። አብሽሩ፣ አላስረዝምም። ነገሩ ግን የሁላችንም ገንዘብ ያለበት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው በግቢያችን ቤተ ሙከራዎች ላይ የደረሰውን ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ የምናዋጣት እያንዳንዷ ብር የጠፋውን ለመተካት ነው፤ ስለዚህ ምን እንደምንገዛ አስበን እንግዛ።

ጥያቄው የደረሰኝ «የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል?» ተብሎ ነው። በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ከካርታና ከመሬት ልኬታ ጋር ስውል ስገባ የተማርኩት ግን ጥያቄው ከዚያ በፊት እንደሚጀምር ነው። መሣሪያው የሚሰጠን ቁጥር ለምን ሊውል ነው? ቁጥሩ ቢሳሳትስ ማን ይጎዳል? ይህን ያልመለሰ ሰው ውድ ቢገዛም ርካሽ ቢገዛም ያው ነው።

ለእኔ የእጅ ጂፒኤስ ሥራ ሦስት ነው። አንደኛው ወጥቶ በሰላም መመለስ። ሁለተኛው ያዩትን ነገር የት እንዳዩት መመዝገብ። ሦስተኛው ወሰን ማካለል። የመጀመሪያውን በደንብ ይሠራዋል። ሁለተኛውን የሚይዘው ሰው ከተጠነቀቀ ይሠራዋል። ሦስተኛውን አይሠራም፤ አይችልምም። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ ግን «ስልክ እያለ ለምን?» ለሚለው መልስ ልስጥ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁላችንም ኪስ ውስጥ የጂፒኤስ መቀበያ አለ። ብዙ ሰው ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም ይላል፤ እንደዚያ አይደለም። መቀበያው የሚያዳምጠው ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩትን ሳተላይቶች እንጂ የቴሌን ምሰሶ አይደለም። ቢያንስ የአራቱ ድምፅ ከደረሰው ያለበትን ያውቃል። ኔትወርክ የሚያግዘው ካርታ ለማውረድና መጀመሪያ ሲከፈት ሳተላይቶቹን ቶሎ ለማግኘት ነው። ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ካወረዳችሁት፣ ኔትወርክ በሌለበት ቆላም ሆነ ደጋ ነጥቧ አብራችሁ ትሄዳለች። መረጃ ለመሰብሰብም እንደ ኪውፊልድ ያሉ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ። ስለዚህ ሥራችሁ የአንድ ቀን ከሆነ፣ የጎፍ ደን ደርሶ መመለስ ወይም ሐይቅ ዳር ውሎ መግባት ከሆነ፣ ስልካችሁ ይበቃል። ለዚህ ብላችሁ ብር አታውጡ።

ስልክ የሚያቅተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ባትሪው ያልቃል፤ ዝናብ የነካው መስታወት ጣት አይሰማም፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት አይነበብም፤ ድንጋይ ላይ ከወደቀ አለቀለት። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስልኩ ሲሞት መንገዱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ደውላችሁ ድረሱልኝ የምትሉትም ሰው አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ቀን ለሚፈጀው መስክ ሌላ ሥራ የሌለው፣ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ዕቃ ያስፈልጋል የምለው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሥራ፣ ወደ መመለስ ልግባ። ወደ አምባ ፈሪት የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚወጣ አገር ነው። ጓሳው፣ አስታው፣ ጅብራው ለዓይን ያምራል። ከሰዓት በኋላ ጉም ከሸለቆው ሲወጣ ግን ዐሥር እርምጃ ፊት ያለ ጅብራ አይታይም። አንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮጀክት ቡድን ጋር እዚያ ነበርኩ። ቡድኑ የያዘው ሁለት የሚያብረቀርቅ፣ በጣት የሚነካ፣ ባትሪው ውስጡ የታሸገ ጂፒኤስ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ ባትሪው አልቆ ሞተ፤ ሌላው በካፊያው ውስጥ ጣት አልሰማ አለ። ጉሙ ወረደ። መንገዱን ያሳየን ከብት ሊመልስ የወጣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ማታ አባቱ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ሽማግሌው ዕቃውን በእጃቸው አገላበጡትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምግቡ ምንድን ነው?» አሉኝ። «መብራት ነው አባቴ፣ ከግድግዳ ላይ ሰክተው ይሞሉታል» አልኳቸው። «እንግዲያማ እኛ ጋ በረሃብ ይሞታል» አሉ።

ጂፒኤስ ስትመርጡ የመጀመሪያው መስፈርት የእኚያ አባት ጥያቄ ይሁን፤ ምግቡ ምንድን ነው? በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ የግድግዳ ሰዓት የሚበላውን ዓይነት የሚበላ፣ የትም ገበያ ምግቡን ያገኛል። ሱቅ ባይገኝ እንኳ መለዋወጫውን በኪስ መያዝ ይቻላል። ብርድ የባትሪ ድንጋይን አቅም ስለሚቀንስ ደጋ ላይ መለዋወጫውን ከሰውነታችሁ አጠገብ፣ በጃኬት ውስጥ ያዙት። የሊቲየሙ ዓይነት ብርዱን ይበልጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ ቁልፍ ያለው ይሁን። በጓንትም በእርጥብ እጅም የሚጫኑት ቁልፍ ከሚነካ መስታወት ይሻላል። ሦስተኛ፣ የሄዳችሁበትን ዱካ እየመዘገበ በዚያው ዱካ የሚመልስ መሆኑን አረጋግጡ። የማታ ጉም ሲመጣ የሚያስፈልጋችሁ ቀጥታ መስመር አይደለም። ቀጥታው መስመር ገደል ላይ ሊያወጣችሁ ይችላል፤ ጠዋት በእግራችሁ ያለፋችሁበት መንገድ ግን እግር የሚያስኬድ መሆኑ ተረጋግጧል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው የኮምፓስ ጉዳይ ነው። ርካሾቹ ጂፒኤሶች ውስጣቸው ኮምፓስ የላቸውም። ሰሜን የት እንደሆነ የሚያውቁት ስትራመዱ ብቻ ነው፤ የቀድሞ ቦታችሁን ካሁኑ ጋር አነጻጽረው። ቆማችሁ ስትመለከቱ ቀስቱ ዝም ብሎ ይዞራል። ጉም ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ መቆም ነው የሚያበዛው። ስለዚህ ወይ ኮምፓስ ያለውን ግዙ፣ ወይ ከርካሹ ጋር ተራውን ባለ መርፌ ኮምፓስ አንጠልጥሉ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ባትሪም አይበላም።

ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ ወደ መመዝገብ ልለፍ። እዚህ ላይ መምህራኖቻችን በደንብ ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል፤ በየመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ላይ የሚደረደሩት የኮኦርዲኔት ሰንጠረዦች ነገር ነውና። በመስክ የምንጠቀምባቸው የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣቸው ባለ 1:50,000 ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባል የልኬት መሠረት፣ ማለትም ዳተም፣ የተሠሩ ናቸው። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ያለ የልኬት መነሻ ነው። ከዚያ እየተሳበ የመጣው ልኬት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚናገረው በሌላ መሠረት፣ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። ሁለቱ አንድን ድንጋይ በተለያየ ቁጥር ይጠሩታል፤ በእኛ አካባቢ ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው።

200 ሜትር በባለ 1:50,000 ካርታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተማሪ «4 ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች» ይላል። ምን እንደምታመጣ ልንገራችሁ። በአንድ ወረዳ ውስጥ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ሊሠራ፣ የምንጩን ነጥብ አንዱ ባለሙያ ከካርታ አንብቦ ጻፈ። የግንባታ ቡድኑ ቁጥሩን እንዳለ ጂፒኤስ ላይ ሞልቶ ሄደ። ዕቃው «ደርሰሃል» ሲለው ከሸለቆው ማዶ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጂፒኤሱም አልተሳሳተ፣ ካርታውም አልተሳሳተ። ሁለቱን ያገናኘው ሰው ዳተም የሚል ቃል አልጻፈም። ሲሚንቶው በአህያ እንደገና ገደሉን ዞሮ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሄደ፤ እናቶች ያንን ሁለት ሳምንት ከወንዝ ቀዱ።

ስለዚህ የሚገዛው ዕቃ አዲንዳንን በዳተም ዝርዝሩ ውስጥ የያዘ ይሁን፤ የታወቁት አብዛኞቹ ይዘውታል። ከዚያ በላይ ግን ልማድ ይሁንልን። ኮኦርዲኔት የሚጻፍ ከሆነ ዳተሙና ዞኑ አብረው ይጻፉ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ዩቲኤም ዞን 37 ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ዳተም ያልተጻፈበትን ሰንጠረዥ ለተማሪው መልሱለት። ቀኑም ይጻፍ። አሜሪካኖች እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ለሲቪል የሚለቁትን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ነጥብ 100 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። የድሮ ጥናት ስታነቡ ይህን አስቡ።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጂፒኤስ ከፍታን ሲለካ ስህተቱ ከአግድሙ ይበልጣል፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ያሉት ከላይ ነው፣ ከእግራችን ሥር የለም። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ የአየር ግፊት መለኪያ የሚገባላቸው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ ጆሮአችሁ የሚደፈነው በዚያው የግፊት ለውጥ ነው። ባለ ግፊት መለኪያው ይህን በደንብ ይከተላል፤ ግን ጠዋት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ካላስተካከላችሁት የአየሩን መለዋወጥ እንደ ተራራ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው ወሰን ማካለል ነው። እዚህ ላይ ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ ይቅርታ።

የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የአርሶ አደሩ ይዞታ በባህላዊም በዘመናዊም መለኪያ እንዲለካ ፈቅዶ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የመሬት ደብተር በክልላችን ሲሰጥ ገመድና የወሰንተኛ ምስክርነት ነበር የሠራው። በኋላ ጂፒኤስም የአየር ፎቶም መጣ። መሻሻል ነው፤ አልቃወምም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የእጅ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል እንበል። 200 በ200 ሜትር የሆነ ማሳ 40,000 ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱም ጎን በ3 ሜትር ቢያጥርበት 38,809 ይሆናል፤ የቀነሰው 3 በመቶ ነው። ወሎ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ማሳ ለማን አለው? 50 በ50 የሆነችውን፣ የአንድ ጥማድ ያህሏን እንውሰድ። 2,500 ካሬ ሜትር ናት። ያው 3 ሜትር ከሁለቱም ጎን ቢያጥር 2,209 ትሆናለች፤ 12 በመቶ ገደማ ሄደ። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ስህተቱም ያው ስህተት ነው። የሚጎዳው ግን ትንሽ መሬት ያለው ሰው ነው።

አንድ ቀበሌ ውስጥ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ከጎረቤታቸው ጋር ወሰን ተከራክረው፣ ለማየት የመጣው ባለሙያ የእጅ ጂፒኤስ ይዞ «አምስት ሜትር ገብተዋል» አላቸው። እሳቸው የወሰን ድንጋዩን እያሳዩ «የኔ ልጅ፣ እኔ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስመጣም እዚሁ ነበር» ይላሉ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን አምኖ ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ያችኑ ድንጋይ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ እየቆየህ ለካት» አልኩት። ለካት። ሦስቱ ነጥቦች በአራትና በስድስት ሜትር ተራራቁ። ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ወሰኑ በድንጋዩ ይጽና አሉ፤ ባለሙያውም ፈረመ።

ያ ባለሙያ ከእኛ ግቢ ወይም ከሌላ ግቢ የወጣ ነው። ነገም የሚወጡት ልጆቻችን ናቸው። መስታወቱ ላይ «ትክክለኛነት 3 ሜትር» ብሎ የሚጽፈው መሣሪያው ስለራሱ የሚገምተው እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ ካልነገርናቸው፣ ቁጥሩን ይዘው ሰው ማሳ ውስጥ ይገባሉ። ወሰን የሚለካው ሁለት መቀበያ ተጣምረው አንዱ የሌላውን ስህተት በሚያርሙበት፣ ስህተቱ ወደ ሴንቲ ሜትር በሚወርድበት መሣሪያ ነው። እሱ ከሌለ ደግሞ ገመድ፣ ሜትርና ወሰንተኛ አሉ። በገመድ የተለካ ትንሽ ማሳ በእጅ ጂፒኤስ ከተለካው የበለጠ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልመለስ፤ ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ የሚነበብላችሁ ብዙ ነገር አለ። «ዋስ አለው፣ ኢግኖስ አለው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ዋስ ለሰሜን አሜሪካ፣ ኢግኖስ ለአውሮፓ የተዘረጉ የማረሚያ ሥርዓቶች ናቸው፤ ለደሴ አልተዘረጉም። ለእነሱ ብላችሁ አትጨምሩ። ከጂፒኤስ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ የሚሰማ መሆኑ ግን ለእኛ ይጠቅማል። እኔ ያደግኩት ቧንቧ ውሃ ነው፤ ቀና ስል ጦሳ የሰማዩን አንድ ወገን ይይዝብኛል። ሰማይ ሲጠብ የሚታየው ሳተላይት ያንሳል፤ የብዙ አገር ሳተላይት የሚሰማ መሣሪያ በጠባቡም ሰማይ የሚበቃውን ያገኛል።

ሌላው የገደል ማሚቶ ነው። ገደል ፊት ቆማችሁ ስትጣሩ ድምፃችሁ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የሳተላይቱም ምልክት ገደል ላይ ተጋጭቶ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መሣሪያው ርቀቱን ያበዛና ነጥቡን ይወረውረዋል። በሁለት ሞገድ የሚያዳምጡት አዳዲሶቹ፣ ለምሳሌ የጋርሚን ጂፒኤስማፕ 65 እና 65ኤስ፣ ይህን ማሚቶ ለይተው ለመጣል የተሻለ አቅም አላቸው። ሸለቆ ውስጥ የደን ወይም የድንጋይ ጥናት ለሚሠራ ክፍል አንድ ሁለቱ ይጠቅማሉ። በሁለት የባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ።

ለተማሪ እጅ ግን ኢትሬክስ 10ን የመሰለው ቀላሉ፣ ቀለም የሌለው፣ ባለ ቁልፉ ይበቃል፤ ኮምፓስ ስለሌለው ባለ መርፌውን ጨምሩለት። ኮምፓሱና የግፊት መለኪያው አብሮ ይሁን ካላችሁ ኢትሬክስ 32ኤክስ አለ። በየጥናቱ ደጋግመን የምናነባቸው ጂፒኤስ 72 እና ጂፒኤስማፕ 60 ዛሬም ያገለገሉ ሆነው ይገኛሉ፤ ጠንካራ ናቸው። ግን ስትቀበሉ ቀኑን እዩ። የጂፒኤስ ሳምንት ቆጣሪ 1,024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው ሚያዝያ 6 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌዎች ቀኑን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደኋላ ሊመልሱት ይችላሉ፤ ቦታውን ቢያውቁም ዘመኑን ስተው ይመዘግባሉ። በሳተላይት መልእክት የሚልኩት ደግሞ የመገናኛ መሣሪያ ናቸውና ከውጭ የምትልኩልን ወገኖች ፈቃዱን ሳትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ሐሳቤን ላጠቃልል። ገንዘባችንን በሁለት ውድ ዕቃ ከምንጨርስ፣ አንድ ክፍል አርባ ተማሪ ካለው ለአራት ተማሪ አንድ እንዲደርስ ዐሥር ቀላል ጂፒኤስ እንግዛ። ካቢኔ ውስጥ ተቆልፎበት መምህሩ ብቻ የሚነካው ውድ ዕቃ ተማሪ አያስተምርም። ከእያንዳንዱ ጋር ባለ መርፌ ኮምፓስ፣ የታተመ ካርታና ስለ ዳተም የምትናገር አንዲት ገጽ ትኑር። ለባትሪ ድንጋይና ለ50 ሜትር ገመድ የሚሆን ገንዘብም ከመጀመሪያው ይመደብ፤ ስጦታ ሰጥቶ ምግቡን መንሳት የለም።

ከመረከባችን በፊትም እንፈትናቸው። ዐሥሩንም አንድ ቦታ ላይ እናስቀምጥ፣ ጠዋትና ከሰዓት ነጥብ እንያዝ፣ በሌላ ቀን እንድገመው። ነጥቦቹ ወረቀት ላይ ሲበተኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሣሉት። ያ ሥዕል ለእኔ የመጀመሪያው የመስክ ትምህርት ነው። መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያውቅና የት ላይ እንደሚያቆም በገዛ እጁ የሣለ ልጅ፣ ነገ የሰው ማሳ ላይ ቆሞ ቁጥር ሲናገር ይጠነቀቃል።

መምህራኖቻችን የጎደለ ካለ ሙሉልኝ፤ የገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ከአዳራሹ በር አጠገብ ነው።